ሐኪም ለማን ይሠለጥናል? ሉዊስ ሳሊቫን እና በሕክምና ትምህርት የፍትሐዊነት ጥያቄ

ለፋኩልቲው መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



 በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ፤ ታሪኩ የአሜሪካ ስለሆነ ቁጥሩን ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለስሁ ላደናግራችሁ አልሻም።

ዛሬ የማነሣው ስለ ዶክተር ሉዊስ ዌድ ሳሊቫን ነው። ሳሊቫን የደም በሽታዎች ተመራማሪ፣ የአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት መሥራች ዲን፣ በኋላም የአሜሪካ የጤናና የሰብአዊ አገልግሎት ሚኒስትር ነበሩ። ስማቸው በእኛ ዘንድ እምብዛም አይነሣም። እኔ የመረጥኋቸው ስለ ከፍተኛ ትምህርት ፍትሐዊነት የምናደርገው ክርክር ዘወትር አንድ ቦታ ላይ ስለሚቆም ነው፤ እርሱም የመግቢያ ነጥብ ነው። ማን በስንት ነጥብ ገባ፣ ማን በስንት ነጥብ ቀረ እያልን እንሟገታለን። ትምህርት ቤቱ ራሱ ለምን ዓላማ እንደ ቆመ፣ ሐኪም የሚያወጣውም ለየትኛው ሕዝብ እንደ ሆነ ግን አንጠይቅም። የሳሊቫን ሥራ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ያስቀድማል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ 1910 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የካርኔጊ ፋውንዴሽን በአሜሪካና በካናዳ ስለሚገኙ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች አንድ ዘገባ አወጣ። ጸሐፊው አብርሃም ፍሌክስነር ሐኪም ሳይሆን የትምህርት ባለሙያ ነበር። ያየው ነገር በእርግጥ የሚያሳፍር ነበር፤ ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ ላቦራቶሪ የላቸውም፣ ተማሪዎቻቸው በሽተኛ ሳያዩ ይመረቃሉ፣ ገቢያቸውም ከተማሪ የሚሰበሰብ ክፍያ ብቻ ነበር። ፍሌክስነር ይህ እንዲቀር፣ የሕክምና ትምህርት በሳይንስና በሆስፒታል ላይ እንዲመሠረት ጠየቀ። በዚህ ረገድ ትክክል ነበር። ዛሬ እኛም የምናስተምረው እርሱ በቀደደው ፈር ነው።

ይሁን እንጂ ያው ዘገባ ስለ ጥቁር ሐኪሞች አንድ አጭር ምዕራፍ ነበረው። በዚያን ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን የሚያስተምሩ ሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ፍሌክስነር ከሰባቱ ሁለቱ ብቻ፣ በዋሽንግተን ሃዋርድ፣ በናሽቪል ደግሞ ሜሃሪ፣ ቢቆዩ ይበቃል አለ። ለጥቁር ሐኪም የሰጠው ሥራም በዋነኛነት የንጽሕና አጠባበቅን ለወገኖቹ ማስተማር ነበር። ለምን ቢሉ፣ የጥቁሩ ሕመም ወደ ነጭ ጎረቤቱ እንዳይሻገር ነው። እስኪ ይህን ልብ በሉ። ስለ ላቦራቶሪ ያን ያህል የተጠበበ አእምሮ፣ ሐኪሙ ለማን ይሠለጥናል ወደሚለው ጥያቄ ሲደርስ መልሱን ከዘመኑ የዘር ሥርዓት ተዋሰ።

አምስቱ ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻው በ1923 በሩን ዘጋ። እርግጥ ነው፣ በአዋጅ የዘጋቸው የለም። አዲሱ መስፈርት ላቦራቶሪ፣ የሙሉ ጊዜ መምህራን፣ ሆስፒታል ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ ለእነርሱ አልመጣም። መስፈርቱ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነበር። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት፣ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ሳይዘጉ ቢቆዩ ኖሮ እስከ 2019 ድረስ 35,315 ተጨማሪ ሐኪሞችን ያስመርቁ እንደ ነበር ገምቷል። ግምት ነው፤ በግምትነቱ እንውሰደው። ግምት ያልሆነውን ቁጥር ግን ከሕዝብ ቆጠራ መረጃ እናገኛለን፤ በ1940 ከአሜሪካ ሐኪሞች መካከል ጥቁር ወንዶች 2.7 በመቶ ነበሩ፤ በ2018 ደግሞ 2.6 በመቶ። በሰባ ስምንት ዓመት ውስጥ የሲቪል መብት ሕግ ወጣ፣ የዘር መለያየት በሕግ ተሻረ፣ ጥቁር ፕሬዚዳንት ተመረጠ፤ ይህች ቁጥር ግን ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም። የጨመሩት ጥቁር ሴት ሐኪሞች ናቸው፤ ከ0.1 ወደ 2.8 በመቶ ደርሰዋል።

ከተረፉት ሁለት ትምህርት ቤቶች አንዱ ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቁት ከሃዋርድ ነው። በኦሃዮ ትምህርታቸውን ከጀመሩ በኋላ ወደ ሃዋርድ የተሻገሩት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ለመሆን ወደው ነበር። ከዚያም አገራቸው ገብተው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቁስለኞችን አከሙ፤ ኋላም ኒው ዮርክ ተመልሰው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ፍሌክስነር ሁለቱንም ለመዝጋት ቢመክር ኖሮ እኒህ ሰው የት ይማሩ ነበር? ይህን በቅንፍ ያዙልኝና ወደ ሳሊቫን ልመለስ።

ሳሊቫን በ1933 አትላንታ ተወልደው ያደጉት በደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ በምትገኝ ብሌክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው የቀብር አስፈጻሚ ነበሩ፤ በከተማዋ የጥቁሮችን መብት ለማስከበር የቆመውን ብሔራዊ ማኅበር ቅርንጫፍ ያቋቋሙም እርሳቸው ናቸው። በአካባቢው ጥቁር ሐኪም የሚገኘው ቤይንብሪጅ በተባለች ሌላ ከተማ ነበር፤ ስማቸው ዶክተር ጆሴፍ ግሪፊን። ሳሊቫን ገና በሕፃንነታቸው ሐኪም ለመሆን የወሰኑት እኒህን ሰው አይተው እንደ ሆነ ደጋግመው ተናግረዋል። ነጮቹ ሐኪሞች ዘንድ ጥቁር ታካሚ በጓሮ በር በሚገባበት አገር፣ ግሪፊን ዘንድ ሰው በፊት ለፊት በር ይገባ ነበር። ለአንድ ልጅ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

በ1954 ከሞርሃውስ ኮሌጅ ተመረቁ። ሞርሃውስ ያለው አትላንታ ነው፤ በዚያው ከተማ ኤሞሪ የተባለው ዩኒቨርሲቲ የታወቀ የሕክምና ትምህርት ቤት አለው። ሆኖም ኤሞሪ ጥቁር አይቀበልም ነበር። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ደብዳቤ አለ። በ1959 ማሪዮን ሁድ የተባለ ወጣት ለኤሞሪ ሕክምና ትምህርት ቤት አመለከተ፤ የኔግሮ ዘር አባል የሆነን ሰው ማመልከቻ ለመመልከት ሥልጣን የለንም የሚል መልስ መጣለት፤ የማመልከቻ ክፍያው 5 ዶላርም ተመለሰለት። ነጥቡን ያየለት የለም። ሁድ ሌላ ቦታ ተምሮ የማህፀንና የጽንስ ሐኪም ሆነ፤ ኤሞሪ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2021 ነው። ስለ መግቢያ ነጥብ ብቻ ስንከራከር ይህ ደብዳቤ ቢታወሰን መልካም ነው።

ሳሊቫን እንግዲህ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከክፍላቸው ብቸኛው ጥቁር ተማሪ እርሳቸው ነበሩ፤ በ1958 በማዕረግ ተመረቁ። ከዚያም በኒው ዮርክና በቦስተን የውስጥ ደዌና የደም ሕክምና ሠለጠኑ። በ1964 ከቪክቶር ኸርበርት ጋር ያሳተሙት ጥናት አልኮል የአጥንት መቅኒ ደም የማምረት ሥራውን እንደሚያዳክም ያሳየ ነው፤ በመስኩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ፍትሐዊነት የሚናገር ሐኪም ሲነሣ፣ በሳይንሱ የደከመ ይሆን የሚል ሹክሹክታ በየአገሩ አለና ነው። እኒህ ሰው በሳይንሱ ስመ ጥር ሆነው በቦስተን መኖር ይችሉ ነበር።

በ1975 ግን የተማሩበት ኮሌጅ ጠራቸው። ሞርሃውስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ሊከፍት አስቦ ነበር፤ ሳሊቫን ዲን ሆነው ሄዱ። ሕንፃ የለም፣ መምህር የለም፣ ሆስፒታል የለም። ፍሌክስነር ቢያየው ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው ትምህርት ቤት ነበር።

የአሠራራቸው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ጥቂት ልዘግይበት። ሳሊቫን መስፈርቱን አልተጣሉትም፤ ቀስ በቀስ አሟሉት። በመጀመሪያ የሁለት ዓመት ትምህርት ብቻ ከፈቱ፤ ይህም የሰውነት ክፍሎችን ጥናት፣ የባዮኬሚስትሪን፣ የፊዚዮሎጂንና የመሳሰሉትን መሠረታዊ ሳይንሶች የሚያካትት ነው። በ1978 የመጀመሪያዎቹ 24 ተማሪዎች ገቡ። ሁለቱን ዓመት ሲጨርሱ የበሽተኛ አልጋ ዳር ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደ ሌሎች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይዛወራሉ። እጅግ ውድ የሆነው የክሊኒክ ትምህርት እስኪደራጅ ድረስ ይህ ጊዜ ገዛላቸው። በ1981 ትምህርት ቤቱ ከኮሌጁ ተለይቶ ራሱን ቻለ፤ ወደ አራት ዓመት ትምህርትም ተሸጋገረ፤ በ1985 የራሱን ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ አስመረቀ። ተማሪዎቹ የሚሠለጥኑበት ዋናው ቦታ ግሬዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሆነ፤ ይህ የአትላንታ ድሆች የሚታከሙበት ትልቅ የሕዝብ ሆስፒታል ነው፤ ኤሞሪም ቀድሞ የሚሠራበት ስለ ነበር ሁለቱ ተካፍለው ያስተምሩበታል።

ገንዘቡስ? ሳሊቫን በሪፐብሊካኑም በዴሞክራቱም ደጅ የሚቆሙ ሰው ነበሩ። በ1982 የመጀመሪያው ሕንፃ ሲመረቅ ንግግር ያደረጉት የወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ ናቸው፤ ባለቤታቸው ባርባራ ቡሽም በትምህርት ቤቱ ቦርድ ውስጥ ገብተው ገንዘብ በማሰባሰብ ረዱ። ይህን ወዳጅነት የሚተቹ አሉ። እኔ ግን በ1910 ገንዘብ ያጡት አምስቱ ትምህርት ቤቶች ምን እንደ ደረሰባቸው ካየሁ በኋላ፣ ደጅ መጥናቱን ለመንቀፍ አንደበቴ አይፈታም።

አንድ ተማሪ እዚህ ላይ ተነሥቶ ቢጠይቅ ትክክል ነው፤ የዘር መለያየት በሕግ ከተሻረ በኋላ የጥቁሮች ትምህርት ቤት መክፈት ወደ ኋላ መመለስ አይደለምን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱ ግን በትምህርት ቤቱ ዓላማ ውስጥ አለ። ሞርሃውስ በሩን ለማንም ዘር አልዘጋም። ልዩነቱ የቆመለት ሕዝብ በስም መታወቁ ላይ ነው፤ በገጠርና በከተማ መሐል ሐኪም ያጡ፣ ድሃና ጥቁር የበዛባቸው አካባቢዎች። ተማሪ ሲመርጥም፣ ሥርዓተ ትምህርት ሲቀርጽም፣ መምህር ሲቀጥርም ይህን ይዞ ነው።

አጋጣሚው ይገርማል፤ ያው 1978 በሕክምና ትምህርት ቤት ቅበላ ላይ ታላቁ ክስ የተፈረደበት ዓመት ነው። ዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ቦታዎች 16ቱን ለአናሳ ወገን ተማሪዎች ለይቶ ይይዝ ነበር። ሁለት ጊዜ አመልክቶ ያልገባ አለን ባኪ የተባለ ነጭ አመልካች ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቁጥር ቆርጦ ማስቀመጥን ከለከለ፤ ዘርን ከሌሎች ጉዳዮች ጋር አንድ ነገር አድርጎ ማየትን ግን ፈቀደ። በሰኔ ይህ ተፈረደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አትላንታ ውስጥ 24ቱ ተማሪዎች ትምህርት ጀመሩ። አገሩ ሁሉ ስለ 16ቱ ወንበሮች ሲነጋገር ሳሊቫን አዲስ ወንበር ይሠሩ ነበር።

የሥራቸው ውጤት የተመዘነው በ2010 ነው። ፊትዝሂዩ ሙላን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው 141 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ባልተለመደ ሚዛን መዘኑ። የምርምር ገንዘባቸውን ወይም ዝናቸውን አላዩም። ሦስት ነገር ጠየቁ፦ ከምሩቃኑ ስንቱ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ይሠራል? ስንቱ ሐኪም ባጣ አካባቢ ይሠራል? ስንቱ በሙያው ውስጥ ቁጥራቸው ካነሰ ወገኖች ነው? አንደኛ ሞርሃውስ፣ ሁለተኛ ሜሃሪ፣ ሦስተኛ ሃዋርድ ሆኑ። ሚዛኑ ለእነርሱ ያደላ ነው ያሉ ነበሩ። አዎን፣ ማንኛውም ሚዛን ለአንድ ነገር ያደላል፤ በምርምር ገንዘብ የሚመዝነውም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ለበሽተኛው ምን ይጠቅመዋል ለምትሉ አንድ ጥናት ብቻ ልጥቀስ። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ጥቁር ወንዶች በዕጣ ለጥቁር ወይም ለሌላ ወገን ሐኪም ተመደቡ። ከጥቁር ሐኪም ጋር የተነጋገሩት የስኳር፣ የኮሌስትሮልና የመሳሰሉትን ምርመራዎች ለማድረግ ይበልጥ ፈቃደኛ ሆኑ። በተለይ መርፌና ደም መስጠት በሚጠይቁት ላይ ልዩነቱ ጎላ። አጥኚዎቹ ይህ በጥቁርና በነጭ ወንዶች መካከል ያለውን የልብና የደም ሥር በሽታ ሞት ልዩነት በ19 በመቶ ሊያጠብ እንደሚችል አሰሉ። ፍትሐዊነት እዚህ ላይ የጨዋነት ጉዳይ መሆኑ ያበቃና የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ሳሊቫን ከ1989 እስከ 1993 ሚኒስትር ሆኑ። በ1990 አንድ የትንባሆ ኩባንያ ለጥቁሮች ብቻ ያዘጋጀውን ሲጋራ ፊላዴልፊያ ላይ ሊሸጥ ሲነሣ በአደባባይ አወገዙት፤ ኩባንያውም ሲጋራውን ተወው። ሥልጣኑ ሲያበቃ ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱ። በ2004 በስማቸው የተጠራው ኮሚሽን ያወጣው ዘገባ ርእሱ «የጠፉ ሰዎች» ማለት ነው። ጥቁር፣ ሂስፓኒክና ነባር አሜሪካውያን በአንድነት ከሕዝቡ ከሩብ በላይ ሲሆኑ ከነርሶች ከ9 በመቶ በታች፣ ከሐኪሞች 6 በመቶ፣ ከጥርስ ሐኪሞች 5 በመቶ ብቻ እንደ ሆኑ አሳየ።

በዚህ መንገድ ብቻቸውን አልነበሩም። በአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ውስጥ ዶክተር ኸርበርት ኒክንስ በ1991 አንድ ዘመቻ ጀምረው ነበር፤ በ2000 ከእነዚህ ወገኖች 3,000 ተማሪዎች በየዓመቱ ሕክምና እንዲገቡ። መንገዳቸው የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ከኮሌጆች ጋር ማቆራኘት ነበር፤ ችግሩ ከቅበላ ቢሮ አስቀድሞ ሥር እንደሚሰድ ያውቁ ነበርና። ቁጥሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ2,000 ጥቂት አለፈ፤ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ በዘር የሚደረግን ልዩ ድጋፍ ሲከለክሉ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ኒክንስ በ1999 በ51 ዓመታቸው አረፉ፤ ግባቸው ሳይደርስ።

በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ጉዳይ ባኪ ትቶት የነበረውን ቀዳዳ ዘጋው። በ2024 ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የገቡ ጥቁር አዲስ ተማሪዎች ቁጥር ከቀዳሚው ዓመት ከ11 በመቶ በላይ ቀነሰ። የሚደንቀው ግን ያ የተከሰሰው የዴቪስ ትምህርት ቤት ነው። በክፍለ ግዛቱ ሕግ ዘርን ማየት ከተከለከለ በኋላ፣ አመልካቹ ያደገበትን ቤተሰብ ገቢ፣ የወላጆቹን ትምህርት፣ አካባቢው ሐኪም ያለው መሆን አለመሆኑን የሚመዝን መለኪያ አበጀ፤ ዛሬ በተማሪዎቹ ስብጥር በአገሩ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው። ይህ የሳሊቫንን ጥያቄ በሌላ መንገድ መጠየቅ ይመስለኛል።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ እኛን ይነካል። በአሜሪካ «ጥቁር ሐኪም» ተብለው ከሚቆጠሩት መካከል ከአፍሪካና ከካሪቢያን የሄዱ፣ ልጆቻቸውም አሉበት፤ ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ብሌክሊ ውስጥ የተወለደው ልጅ ያልገባበት ወንበር በእኛ ምሩቅ ሲሞላ፣ በዚያ አገር ስሌት ክፍተቱ የጠበበ ይመስላል፤ በእኛ በኩል ደግሞ አንድ ወረዳ ሐኪሙን አጥቷል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ነገር ግን ስብጥርን በቆዳ ቀለም ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን አያየውም።

ለእኛ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወጡ ታስቦ ነበር፤ መጀመሪያ የታየው ሕዝቡ ነው፤ የሙያው ቅርፅ የተቀረጸው ከዚያ በኋላ ነው። ጅማም ኋላ ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ውስጥ ለማድረግ ተነሥቷል። ዛሬ የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን በቁጥር በዝተዋል። ምሩቆቻችን የት እንደሚሠሩ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደ መጡ፣ ስንቶቹ ሴቶች እንደ ሆኑ፣ ስንቶቹ በአምስተኛው ዓመት አገር ውስጥ እንዳሉ ሙላን እንደ መዘኑት እየመዘንን በየዓመቱ ብናወጣ፣ የመግቢያ ነጥቡ ክርክራችን መልኩ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። መረጃው በየሬጅስትራር ቢሮው ተበታትኖ አለ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ ብትጀምሩ አማካሪ አታጡም።

ሰዓቴ ስለ ደረሰ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ጥያቄና አስተያየታችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።